ከፋይሉ ላይ የተፋቀው የአባቴ ስም

ሁለት ክረምት ሙሉ ከጌዴራ ሥራዬን ጨርሼ ቂርያት ማላኪ ቤታችን ስገባ አባቴ አጠገብ ኮምፒውተሬን እከፍት ነበር። በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ለሚሠሩት፣ ኮምፒውተርና ታብሌት ለሚያንቀሳቅስ ነፃ ሥርዓተ ክወና የአማርኛ ኪቦርድ አዘጋጅ ነበር። ፊደል ያስቆጠረኝ አባቴ ነው፤ ስሳሳት ዝም አይልም። «ንጉሡን ሠ የት ደበቅሽው? ሠራዊት በእሳቱ ሰ ሊጻፍ ነው?» ይለኛል።

ሥራው ሲያልቅ በፋይሉ አናት ላይ የሁለታችንን ስም ጻፍሁ። የፕሮጀክቱ ፈቃድ ገር ነው፤ ማንም ይውሰድ፣ ይለውጥ፣ ይሽጥ ይላል። የሚጠይቀው የሠሪዎቹ ስምና የፈቃዱ ጽሑፍ አብሮ እንዲሄድ ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት አባቴ በሚውልበት የአረጋውያን ክበብ፣ በዕብራይስጡ ሞአዶን፣ ታብሌት ታደለ። ጥቂት እንደጻፈበት «ልጄ፣ ይህ የኛው አይደለም እንዴ?» አለኝ።

የኛው ነበር። አንዲት ፊደል እንኳ ካስቀመጥናት ቦታ አልተነቃነቀችም። «ስለ ምርቱ» የሚለውን ገጽ ስከፍት ግን ያቭኔ ያለ የአንድ ድርጅት ስምና «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚል ብቻ አገኘሁ። ደሜ ፈላ። በአገሩ መምህር የነበረ ሰው፣ እዚህ ቤኤር ቱቪያ ፋብሪካ ውስጥ ካርቶን ሲያሽግ አርጅቶ፣ ስሙ አንድ ቦታ በወግ ቢጻፍ እሱንም ፋቁበት!

ለድርጅቱ ደወልሁ። ሥራ አስኪያጁ ሳቀብኝ።

«ነፃ አይደል? ታዲያ ምን ያስቆጣሻል?»

«ነፃ ስላልን የሰው ስም ትፍቃለህ?»

«ቤሰደር፣ ቤሰደር፣ እሺ እናየዋለን» ብሎ ዘጋው።

ይበልጥ ያቃጠሉኝ የራሴ ሰዎች ናቸው። ለፕሮጀክቱ አባላት ብጽፍ ከነባሮቹ አንዱ «ስም ምን ያደርግልሻል? ዋናው ሥራው ለሰው መድረሱ ነው። ካልወደድሽው መጀመሪያውኑ ሌላ ፈቃድ መምረጥ ነበረብሽ» አለኝ። የእሱ ስም በየፋይሉ ላይ ተለጥፎ እያለ! አንዲት አባል ግን አብራኝ ቆመች። ፈቃዱን መስመር በመስመር እየጠቀስን ለድርጅቱ ደብዳቤ ላክን፤ ለሞአዶኑ ኃላፊም ግልባጩን ሰጠሁ።

ከወራት በኋላ ስማችን በደቃቅ ፊደል ተመለሰ። ይቅርታ የሚል የለም። አባቴ መነጽሩን አድርጎ አነበበውና «ይበቃል፣ ልጄ» አለኝ።

ለእኔ አልበቃኝም። አሁን የፊደል ግድፈት ማረሚያ እየሠራሁ ነው። የመረጥሁለት ፈቃድ፣ ወስዶ የሚያሰራጨው ሁሉ የሠሪዎቹን ስም ከማቆየት አልፎ ያሻሻለውን ሳይደብቅ እንዲያካፍል ያስገድዳል። ያ ነባር ሰውዬ «እንዲህ ጥብቅ ከሆንሽ ማንም አይወስድልሽም» ብሎ ጽፎልኛል። መልእክቱን ዘግቼ ወደ ማረሚያዬ ተመለስሁ።