የክርስትና አባቴ እሺታ

ቤታችን ከቂሊንጦ አለፍ ብሎ፣ ከተማው ገና ባልደረሰበት ጫፍ ላይ ነበር። አባቴ ጤፍና ሽምብራ ያርስ ነበር፤ ከብቶቹን የሚያሰማራው ደግሞ ከጎረቤቶቹ ጋር በሚጋራው የግጦሽ መስክ ላይ ነበር። እኔ ቃሊቲ ፋብሪካ ተቀጥሬ በሰርቪስ እመላለስ ነበር።

አንድ የማዕድን ድርጅት ከመስኩ ሥር ለሲሚንቶ የሚሆን ድንጋይ ይኖር እንደሆነ ልመርምር ብሎ መጣ። የአካባቢው ሰው ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማማ፦ ቆፍረው ናሙና ይውሰዱ፣ ጉድጓዱን ይድፈኑ፣ የመስኩን ምንጭ አይንኩ፤ ከዚያ ያለፈ ካሰቡ ግን ተመልሰው ሁላችንንም ይጠይቁን። ይህን ከድርጅቱ ጋር እንዲጨርሱ የተወከሉት የክርስትና አባቴ ነበሩ። ንግግር ያውቃሉ፤ ቢሮ መግባትም አይፈሩም። አባቴ "እሱ ካለ እኔ አለሁ ማለት ነው" ብሎ ነበር የመረጣቸው።

መርማሪዎቹ ናሙናቸውን ወሰዱ፣ ጉድጓዶቹን ደፈኑ፣ ሄዱ። ክረምቱ አልፎ መስኩ እንደገና ለመለመ።

አንድ ጠዋት አባቴ ከብቶቹን ነድቶ ሲደርስ መስኩ በሽቦ ታጥሮ፣ ውስጡ ኤክስካቫተር ቆሞ አገኘ። ማን ፈቀደላችሁ ብሎ ኃላፊውን ጠየቀ። ሰውዬው ወኪላችሁ ስለ ሁላችሁም ተስማምተዋል አለው፣ በትሕትና። አባቴ አላመነም። የሰው ስም አታጥፋ ብሎ ተከራከረላቸው።

የዚያን ቀን ሥራ አልነበረኝምና አብሬው ወደ ክርስትና አባቴ ቤት ሄድኩ። በር ላይ ቆመው አነጋገሩን፤ ግቡ እንኳ አላሉንም። አልካዱም።

"እምቢ ብንልስ ይተዉት ነበር?" አሉ። "መወሰዱ ካልቀረ ልጆቼ ሥራ ያግኙበት ብዬ ነው።"

አባቴ መለሰላቸው።

"መሬቱን እነሱ ወሰዱት እንበል። እምቢ ማለቱ ግን የእኔ ነበር። እሱን የወሰድክብኝ አንተ ነህ።"



የአካባቢው ሽማግሌዎች ወረዳ ድረስ ሄደው አቤት አሉ። የራሳችሁ ወኪል ተስማምቶ እኛ ምን እናድርግ ተባሉ። ብዙ ተመላልሰው የምንጩ ዙሪያ እንዳይቆፈር አደረጉ፤ መስኩ ግን እንደሄደ ቀረ። ግጦሽ ሲጠፋ አባቴ ከብቶቹን ሸጠ። የክርስትና አባቴ ትልቁ ልጅ መስኩ ላይ በተከፈተው የድንጋይ ካባ ጥበቃ ሆኖ ተቀጠረ።

በቅርቡ የክርስትና አባቴ ሚስት አረፉ። አባቴ ቀብር ወጣ፣ ድንኳንም ተቀመጠ፤ የክርስትና አባቴን ግን ቀና ብሎ አላያቸውም። ስንመለስ፣ ድርጅቱን ሳይሆን እሳቸውን ብቻ ለምን እንደሚቀየም ጠየቅሁት።

"ድርጅቱን መች አውቀዋለሁ?" አለኝ። "እሱን ግን ልጄን አሳቅፌዋለሁ።"

ዝናብ ማካፋት ጀምሮ ስለነበር ፈጠን ብለን ወደ ቤታችን ሄድን።