አባቴ በቃሬዛ ቀበሌ የሄዱ ዕለት

በደርግ ጊዜ ነው፣ ቦሌ ሚካኤል። ሽባ የሆኑትን አባቴን ስድስት ዓመት ብቻዬን ሳስታምም ምን ቸገረሽ ያለኝ የለም። የምንኖርበት የቀበሌ ቤት በስማቸው ስለነበር፣ እሳቸው ሳይሞቱ በስሜ እንዲዞርልኝ የቀበሌውን ሊቀመንበር ለመንኩት።

«ራሳቸው ቀርበው ይፈርሙ» አለኝ።

«ከአልጋ አይነሱም እኮ።»

«መመሪያ ነው፣ ጓዲት።»

እየተንገበገብኩ በማግስቱ አራት ጎረቤቶች ለምኜ አባቴን በቃሬዛ አሸክሜ ሄድኩ። መንገደኛው አስከሬን መስሎት ባርኔጣውን ሲያወልቅ አባቴ «ገና ነኝ» ይሉታል። ቀበሌ ስንደርስ ሊቀመንበሩ ቤት ሊቆጣጠር ወጥቷል አሉን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቀን ተመለስን።

በራችን ላይ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ተለጥፏል። «ሰው የማይኖርበት ቤት ስለሆነ ታሽጓል» ይላል። ፊርማው የሊቀመንበሩ ነው።