ሰባ አንድ ኪሎ

ሸሪፋ ወረታ ውስጥ አንድ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ሚዛን ላይ ነው። ከፎገራ ሜዳ በጋሪና በአይሱዙ የሚመጣውን ጆንያ ትመዝናለች። ገበሬው እያየ ባዶውን ሚዛን አሳይታ፣ መርፌው ዜሮ ላይ መቆሙን አስመስክራ ነው የምታስጭነው። የተሳሳተ ነገር አይታ ዝም ማለት አይሆንላትም። ባሏ ሳልህ "አንቺን ዝም የሚያሰኝ አፈር ብቻ ነው" እያለ ይቀልድባት ነበር። በሽታው ከመጣ ወዲህ ግን ያንን ቀልድ ተወው።

በአርባ ሰባት ዓመቷ ግራ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ካንሰር ነው ተባለ። ባሕር ዳር ወዳለ አንድ ሆስፒታል ተወስዳ ጡቷ ተቆረጠ፤ ከዚያ በየሃያ አንድ ቀኑ የሚሰጥ ስድስት ዙር ኬሞ ታዘዘላት። በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ "መድኃኒቱ የሚሰላው በቁመትና በክብደት ነው" ብሎ ሲነግራት በሆዷ ደስ አላት። ክብደትና ሚዛን የምታውቀው ነገር ነው።

ወረታ ላይ ግን ሐኪም ያልሆነ ሰው የለም። ጎረቤቷ ወይዘሮ አማከለች ፀጉሯ መርገፉን ካዩ ቀን ጀምሮ በሯን አልለቀቁም።

"በዝቶብሽ ነው ልጄ። ግማሹን ስጡኝ በያቸው። ደግሞ ወንዛዬ ወርደሽ ፍል ውኃ ብትነከሪ ይሻልሻል።"

"እትዬ አማከለች፣ ቁስሌ ገና አልደረቀም። ፍል ውኃው ይቀቅለኝ?"

"እኔማ ለደህና ብዬ ነው።"

ሳልህም በበኩሉ "አንድ ዙር ብንዘልስ?" ይላል። አንዱ ጨምሪ፣ አንዱ ቀንሺ፣ አንዱ ተይው። ሕመሙ ሳይሆን ምክሩ ሊገድላት ነበር።

ከሁለተኛው ዙር በኋላ አፏ ውስጥ ቆሰለ። ሾርባ እንኳ እንደ በርበሬ ያቃጥላታል። ቀሚሷን በመቀነት ካላሰረችው ከትከሻዋ ይንሸራተታል። ለሦስተኛው ዙር ስትሄድ ነርሷ ካርዱን ስትገለብጥ ሸሪፋ አንገቷን አስግጋ አየች።

"ይኼ ቁጥር ምንድን ነው?"

"ክብደትዎ ነው፣ እናቴ።"

"የማን ክብደት?"

"የእርስዎ ነዋ። ሰባ አንድ ኪሎ።"

"ሰባ አንድ የነበርኩት ጡቴ ሳይቆረጥ ነው። አሁን እዪኝ እስቲ! ለምን አልመዘንም?"

"የዚህ ክፍል ሚዛን ባትሪ አልቆበታል። ደግሞ ካርዱ ላይ ያለው ይበቃል።"

"የምታክሙት ካርዱን ነው እኔን?"

ነርሷ በእጇ ወደ ኮሪደሩ አመለከተቻት። ኮሪደሩ ላይ አርባ የሚሆን ሰው ተራ ይጠብቃል። ሸሪፋ ሐኪሙን ጠየቀች፤ እሱም ቀና ሳይል "መጠነኛ ለውጥ ችግር የለውም" አላት። መጠነኛ ማለት ስንት ኪሎ እንደሆነ ልትጠይቀው አፏን ስትከፍት ስልኩ ጮኸ። ዙሩን መዝለል ጥሩ አይደለም ስለተባለች እጇን ዘረጋች። መድኃኒቱ እየተንጠባጠበ ሳለ በራሷ እጅግ ተናደደች።

በዘጠነኛው ቀን ትኩሳት ያዛት። ነጭ የደም ሴሏ ወርዷል ተብሎ ሆስፒታል አራት ቀን ተኛች። ወጥታ ወረታ ሲደርሱ ሳልህ ወደ ቤት ሊወስዳት ባጃጅ ቢጠራ፣ እሷ "በመፈልፈያው በኩል" አለችው። ጫማዋን አውልቃ ጆንያ የሚመዘንበት ሚዛን ላይ ወጣች። ባልደረቦቿ ለመሳቅም ለማልቀስም ግራ ገብቷቸው ዙሪያዋን ቆሙ። ሃምሳ ስምንት ኪሎ።

"አሥራ ሦስት ኪሎ!" አለች። "አሥራ ሦስት ኪሎ መጠነኛ ነው?"

የአራተኛው ዙር ቀን ሲደርስ በጸጥታ ችግር የባሕር ዳር መንገድ ተዘጋ። አንድ ሳምንት ቤቷ ተቀምጣ፣ በየማለዳው መናኸሪያ እየደወለች "ዛሬስ?" ስትል ከረመች። መንገዱ እንደተከፈተ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈረች። ሆስፒታል ደርሳ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ነርሷ መርፌውን ይዛ ስትመጣ እጇን ከነጠላዋ አላወጣችም።

"ሳልመዘን አልወጋም።"

"እናቴ፣ ሰው እየጠበቀ ነው።"

"እኔም ጠብቄያለሁ። እኔ ሩዝ እንኳ በአምናው ኪሎ አልመዝንም።"

ሐኪሙ ሲመጣ በመፈልፈያው ሚዛን ሃምሳ ስምንት ኪሎ መሆኗን ነገረችው። እሱም የመፈልፈያ ቤት ሚዛን የሰው ክብደት ማስረጃ እንደማይሆን ነገራት። "ታዲያ በራስዎ ሚዛን ይመዝኑኛ፣ ዶክተር!" አለችው። ጩኸቱን ሰምታ መድኃኒቱን የምታዘጋጀው ፋርማሲስት እየሩስ ወጣች። ገና ወጣት ናት፤ ድምጿ ዝግ ያለ ነው። ነገሩን አዳምጣ ፊቷን አዙራ ሄደች። ሸሪፋ ይቺም ጥላኝ ሄደች ብላ ጥርሷን ስትነክስ፣ እየሩስ ከወሊድ ክፍል የእናቶች ሚዛን ተሸክማ ተመለሰች።

ሃምሳ ሰባት ከግማሽ።

እየሩስ ስሌቱን እንደገና ሠርታ ወረቀቱን ለሐኪሙ አሳየችው። መጠኑ ከአሥር አንድ እጅ ያህል መቀነስ ነበረበት። ሐኪሙ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ባለፈው ዙር መመዘን ነበረብዎት። ጥፋቱ የእኛ ነው።"

"ያ ትኩሳት የመጣብኝ በዚህ ነዋ?"

"እሱን በእርግጠኝነት ልነግርዎት አልችልም። በትክክለኛው መጠንም ይመጣል።"

ሸሪፋ ይህን መልስ ጠላችው። አዎ ቢላት ትቆጣው ነበር፤ አይደለም ቢላት ታርፍ ነበር። አንዱንም አልሰጣት። ቢሆንም እውነቱን እንደነገራት ስለገባት እጇን ዘረጋች።

ወረታ ስትመለስ ወሬው ቀድሟት ደርሶ አማከለች በሩ ላይ ጠበቋት።

"ውይ ልጄ! ለምን አስቀነስሽው? መድኃኒት ሲጎድል እኮ በሽታው ይደነድናል!"

"እትዬ፣ ግማሹን ስጡኝ በያቸው ያሉት ማን ነበሩ?"

"እኔማ ለደህና ብዬ ነው።"

ሳልህ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ግን ይበቃል?" አላት። ጮኸችበት። ጮኸችበት እንጂ ጥያቄው እሷንም ይበላት ነበር። በማግስቱ እየሩስ ጋ ደወለች።

"እትዬ ሸሪፋ፣ አልጎደለም" አለቻት እየሩስ። "ያለፈው ለሰባ አንድ ኪሎ ሰው የተሰላ ነበር። ያሁኑ ለእርስዎ የተሰላ ነው።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

"ሁለት ጊዜ አስልቼዋለሁ።"

"ሦስተኛ አስዪው።"

እየሩስ ስቃ ስልኩን ሳትዘጋ እንደገና አሰላችው።

በአምስተኛው ዙር ሸሪፋ ብቅ ስትል ነርሷ በረጅሙ ተነፈሰችና ሳትጠየቅ ሚዛኑን ገፋችላት፤ አዲስ ባትሪ ገብቶለት ነበር። አጠገቧ የተቀመጠች ከእስቴ የመጣች ሴት "እኔንስ?" አለች። ተመዘነች፤ ካርዷ ላይ ከተጻፈው በአንድ ኪሎ እንኳ አልተለየም። ሴትየዋ በከንቱ እንደተነሣች ቅር ብሏት ቁጭ አለች፤ ሸሪፋ ግን "መመዘኑ ነው ዋናው" አለቻት።

ስድስተኛው ዙር ያለቀው ኅዳር ላይ፣ ሜዳው ላይ ሩዝ በሚታጨድበት ሰሞን ነበር። ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ግራ እጇ ቶሎ ስለሚያብጥ ጆንያ መግፋት ተከልክላ በግማሽ ቀን ወደ ሥራ ተመለሰች። በምርመራው ቀን ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ "እስካሁን ንጹሕ ነው፣ በየሦስት ወሩ ይመጣሉ" አላት።

"እስካሁን ማለት ምን ማለት ነው?"

"እስካሁን ማለት እስካሁን ነው።"

እስከ ወረታ ድረስ ይህቺን ቃል ስታላምጥ መጣች። ሚኒባሱ ሰው ለመሙላት በየመንገዱ ሲቆም ረዳቱን ገሠጸችው፤ ወረታ ስትወርድም ገና ትበግን ነበር። ሳልህ መናኸሪያው ላይ ቆሞ ይጠብቃታል።

"ደህና ነሽ አሉሽ?"

"እስካሁን አሉኝ! እስካሁን!"

ሳልህ ጥቂት አሰበና "እኔስ ብሆን ደህና የሆንኩት እስካሁን አይደል እንዴ?" አላት።

ልትቆጣው አፏን ከፍታ ሳቋ አመለጣት።