ሽማግሌ የላከችው ነርስ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የሰጡኝ ቢሮ ጀሶ ጀሶ ይሸት ነበር። እስከዚያ ሳምንት ድረስ የተሰበረ እጅና እግር ሲታሸግበት ስለቆየ ጠረጴዛው ላይ የደረቀ ጀሶ ተጋግሯል። ሐዋሳ ውስጥ ያለ የግል ሆስፒታል ነው፤ በአክሲዮን የቆመ፣ ብዙ ባለቤት ያለው፣ ስለዚህም ብዙ አዛዥ ያለው። እኔ የመጀመሪያዋ ነገረ ፈጅ ነበርኩ። ከእኔ በፊት መጥሪያ ይዞ የሚመጣ ሰው የሚያገኘው የበሩን ጥበቃ ነበር፤ እሱም "ነገ ተመለሱ" ይል ነበር አሉ።

የቦርዱ ሰብሳቢ አቶ ሸምሱ ራሳቸው ሊቀበሉኝ መጡ። የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴ ናቸው። ታቦር ሠፈር ሁሉም ሰው ጋሽ ሸምሱ ይላቸዋል፤ ከእሳቸው ቆርቆሮ ያልገዛ ሰው ካለ ለከተማው እንግዳ ነው።

"ሥራሽ ቀላል ነው" አሉኝ፣ ጀሶውን በጥፍራቸው እየፋቁ። "እኛን ከክስ መጠበቅ።"

"እናንተን ማለት ማንን ነው?"

"ቦርዱን ነዋ።" ትንሽ አሰቡና፣ "ሠራተኛውንም ቢሆን" አሉ።

የሰጡኝ የመጀመሪያ ንባብ የማኅበሩ መመስረቻ ጽሑፍ ነበር። እዚያ ውስጥ የከለላ አንቀጽ የምንለው አለ። ሙያው ውስጥ ለሌላችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። የቦርድ አባል ወይም ሠራተኛ ሥራውን በቅን ልቦና ሲሠራ በደረሰ ጉዳት ቢከሰስ፣ የጠበቃውንም፣ የፍርድ ቤቱንም፣ የሚፈረድበትን ካሳም ድርጅቱ ይሸፍንለታል። ሆን ብሎ ያጠፋ ወይም ጭልጥ ያለ ግዴለሽ አይሸፈንም። አንድ ሌላ ሁኔታም አለ፤ ተከሳሹ ቦርዱ ሳይፈቅድለት ጥፋት ካመነ ወይም ከከሳሹ ጋር ከታረቀ ከለላው ይቀርበታል። ይህን ማንም በክፋት አላስገባውም። አንዱ ተደብቆ "አዎ፣ አጥፍቻለሁ" ብሎ ይፈርምና ዕዳውን ለእኛ ይልካል ተብሎ ተፈርቶ ነው።

የቦርድ አባላቱ አንቀጹን እንደ ጸሎት በቃላቸው ይዘውት ነበር። ከሁሉም የሚብሰው የጋሽ ሸምሱ ፍርሃት ነበር። ደግ ሰው ናቸው፤ ብዕር ሲይዙ ግን ፍም የያዙ ነው የሚመስሉት። የራጅ ማሽን ግዢ ሊያጸድቁ ሲሉ ደወሉልኝ።

"አስቴር፣ ይሄ ማሽን ሰው ቢያቃጥል ሱቄ ይነካል?"

"በቅን ልቦና እስከፈረሙ ድረስ አይነካም።"

"ቅን ልቦናዬን ማን ያየዋል?"

"ቃለ ጉባኤው ያሳያል።"

"እንግዲያ ጻፊው። ሸምሱ በቅን ልቦና ፈረመ በይ።"

ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ በየውሳኔው ሥር እንዲጻፍላቸው ፈለጉ። ለአንሶላና ለብርድ ልብስ እሺ አልኩ። ለሻይ ብርጭቆ ግዢ ግን እምቢ አልኩ፤ ለጥቂት ቀን ተኮራረፍን።

ሠራተኛው በበኩሉ አንቀጹ መኖሩንም አያውቅም። በሻይ ሰዓት ሰብስቤ አስረዳሁ። የአምቡላንሱ ሹፌር "ሚስቴ ብትከሰኝስ?" ብሎ ጠየቀ። "በሥራ ላይ እያለህ ከሆነ እናየዋለን" አልኩት። ያን ቀን ካስተማርኩት ይልቅ የተሳቀው ይበዛል፤ ስለ ቦርዱ ፈቃድ የተናገርኩትን ማንም ልብ ያለው አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሲስተር አማረች ልምጣ። የውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊ ነርስ ነበረች፤ ስፔሻሊስቱን ሁሉ "እጅዎን ታጥበዋል?" ብላ ከበር የምትመልስ። ታቦር ላይ ዕቁቧን እያጠራቀመች የጀመረችው ቤት ነበራት፤ ግድግዳው ቆሟል፣ ጣሪያው ገና ነው። ሁልጊዜ የምታወራው ስለዚያ ጣሪያ ነበር።

አንድ ቀን አቶ ላሚሶ የሚባሉ ሰው በሳንባ ምች ታመው እሷ ክፍል ተኙ። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ እየበለቱ ይሸጣሉ፤ ቢላቸው ስለሚፈጥን ሰው ቆሞ ያያቸዋል። በደም ሥር የሚሰጣቸው መድኃኒት ቀኝ እጃቸው ላይ ከተሰካው ቀጭን ቱቦ፣ ከካኑላው፣ አምልጦ ቆዳቸው ሥር ፈሰሰ። አማረች ያን ቀን የሥራ ባልደረባዋ ስለቀረች ሁለት ክፍል ብቻዋን ይዛ ነበር። እብጠቱን እንዳየች ካኑላውን ነቀለች፣ እጃቸውን ከፍ አድርጋ ደገፈች፣ ሐኪም ጠራች። የሚደረገው ሁሉ ተደረገ። ቁስሉ ዳነ፤ የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ግን አልታጠፍ አሉ። ለእኔ ቢጤ ሁለት ጣት ነው፤ ቢላ ለሚይዝ ሰው ኑሮው ነው።

ጥቂት ቆይቶ ክሱ መጣ። የአቶ ላሚሶ ልጆች ያቆሙት ጠበቃ ለጋስ ሰው ነበር። ሆስፒታሉን ከሰሰ፣ አማረችን ከሰሰ፣ በቂ ነርስ አልመደቡም ብሎ የቦርድ አባላቱን አንድ በአንድ ከሰሰ። የቀረው የበሩ ጥበቃ ብቻ ነው። ከክሱ መሐል አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ዓይኔን ያዘችው፤ ሁለተኛ ተከሳሽ ሽማግሌ ልካ ጥፋቷን አምናለች ትላለች።

አማረችን አስጠራኋት።

"ሽማግሌ ልከሻል?"

"ልኬያለሁ። ከሆስፒታል በወጡ በሳምንቱ።"

"እኔን ሳታማክሪ?"

"ምን ብዬ ላማክርሽ? ሰው በእጄ ተጎዳ። ዓሣ ልገዛ ብወርድ በየት በኩል ፊታቸውን አያለሁ?"

"ጥፋት ማመን ነው እኮ የሚሉት!"

"ይበሉ። እኛ ጋ መጀመሪያ ይቅርታ ይጠየቃል፤ ማን አጠፋ የሚለው ቀስ ብሎ ይጣራል። አንቺ ይሄን ሳታውቂ ቀርተሽ ነው?"

አውቃለሁ። እዚሁ ነው ያደግሁት። መኪና ሰው ቢገጭ፣ ጥፋቱ የእግረኛው ቢሆን እንኳ፣ የሹፌሩ ወገን ሽማግሌ ይዞ ይሄዳል። ያልሄደ ነው እንደ ወንጀለኛ የሚታየው። የእኛን አንቀጽ ያረቀቀው ሰው ግን የተጎዳ ሰው ቤት ሄዶ የሚያውቅ አይመስልም።

"ለመሆኑ ማን ማን ሄዱልሽ?" አልኳት።

"ሽማግሌ አላሳጣም።"

"ፍርድ ቤት ቢጠይቅሽ መናገርሽ አይቀርም።"

ብዙ ለመንኳት። አንዱ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ ናቸው። አንዱ ሲዳምኛ አሳምረው የሚናገሩ የሠፈር አባት ናቸው። ሦስተኛውን ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ጎረቤቴ፣ ጋሽ ሸምሱ።"

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢያችን ናቸው! አሁን ደግሞ ሦስተኛ ተከሳሽ! የብርጭቆ ግዢ ሲፈርሙ የሚንቀጠቀጡት ሰውዬ፣ ኮታቸውን ደርበው የሚከሳቸው ሰው ቤት በእግራቸው ሄደዋል። እኛ ከተማ ሽማግሌ ሁንልኝ የተባለ ሰው እምቢ አይልም። ጋሽ ሸምሱ የሄዱት እንደ ጎረቤት ነው፤ ጎረቤቱና ሰብሳቢው አንድ ሰው መሆናቸው ትዝ ያላቸው አይመስለኝም።

"እንዳትነግሪባቸው" አለችኝ አማረች። "ለምኜ የወሰድኳቸውን ትልቅ ሰው ቦርድ ፊት አላዋርድም። ከለላውን ከነሱኝም ይንሱኝ።"

"ቤትሽስ?"

ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ቃሏን ግን አላጠፈችም። በጣም ተናደድኩባት። በጣምም ኮራሁባት። እንደማልነግርባቸው ቃል ገባሁላት።

ቦርዱ የተሰበሰበው በዚያው ሳምንት ነው። ጉዳዩን ያቀረቡት ምክትል ሰብሳቢው አቶ ተስፋዬ ነበሩ። ጡረታ የወጡ ኦዲተር ናቸው፤ ጡረታ የወጡት ግን ከደመወዙ እንጂ ከኦዲቱ አይደለም። አንቀጹን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልን።

"ግልጽ ነው" አሉ። "ሳታስፈቅድ ሽማግሌ ልካለች። ሽማግሌ መላክ ጥፋት ማመን ነው። ከለላው አይገባትም፤ ጠበቃም ካሳም ራሷ ትቻል።"

ሁለት ሦስት ሰው በስምምነት ራሱን ነቀነቀ። ጋሽ ሸምሱ ውኃ ጠጡ። ደግመው ጠጡ። ሌላ ጊዜ አንድ ነገር ሦስት ጊዜ የሚናገሩ ሰው ያን ቀን ብርጭቆውን ብቻ ያሽከረክራሉ።

ቃሌን ሳላጥፍ የምናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ። "ሰብሳቢ ይፍቀዱልኝ" አልኩ። "አንቀጹ ሠራተኛንም የቦርድ አባልንም እኩል ነው የሚመለከተው። ሽማግሌ መላክ ጥፋት ማመን ከሆነ፣ ሽማግሌ ሆኖ መሄድስ ምን ይባላል?"

"የባሰ ነዋ!" አሉ አቶ ተስፋዬ። "አፉን ከፍቶ የተናገረው እሱ አይደል?"

ጋሽ ሸምሱ ብርጭቆውን አስቀመጡ።

"ተስፋዬ፣ ቀስ በል። የሄድኩት እኔ ነኝ።"

"የት?"

"ላሚሶ ቤት። ንግግሩንም ያደረግሁት እኔ ነኝ።"

አቶ ተስፋዬ መነጽራቸውን አወለቁ። "ምን ብለው ተናገሩ?"

"ሽማግሌ የሚለውን ነዋ! አጥፍተናል፣ በድለናል፣ ስለ ፈጣሪ ይቅር በሉን። ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ ልከራከራቸው ኖሯል?"

"እርስዎ እኮ ተከሳሽ ነዎት!"

"ያኔ ክስ የለ፣ ምን የለ! ደግሞስ ጎረቤቴ ደጄ ላይ ቆማ ስትለምነኝ፣ ቆይ ቦርዱን ላማክር ልበላት?"

አንዱ ሳቀ፤ ከዚያ ሁላችንም ሳቅን። ጋሽ ሸምሱ ግን አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ።

"አንቺ ታውቂ ኖሯል?"

"አውቅ ነበር።"

"ለምን አልተናገርሽም?"

"እንዳልናገር ለምናኝ ነው። እርስዎን ላለማሳጣት ብላ።"

"ከለላው እንደሚቀርባት እያወቀች?"

"እያወቀች።"

ሳቁ ጠፋ። ጋሽ ሸምሱ እጃቸውን ፊታቸው ላይ አደረጉ፤ ሲያነሡት ዓይናቸው ቀልቷል።

"እሷ እኔን ሸፍና ተቀምጣለች፤ እኛ እሷን ልናወጣ ተሰብስበናል" አሉ። "አንቀጹ እሷን ካወጣ እኔንም ያውጣኝ። ሱቄም ይነካ። ጻፊው አስቴር።"

"በቅን ልቦና የሚለውንም ልጨምር?" አልኳቸው።

"ምን ትቀልጂያለሽ!" አሉ፤ ያኔ ግን ሳቅ አመለጣቸው።

ለአማረች ከለላ ይሰጥ በሚለው ላይ መጀመሪያ እጅ ያወጡት አቶ ተስፋዬ ናቸው። ኦዲተር የራሱን ስህተት ሲያይ ፈጣን ነው፤ ስለማይለመድ ይሆናል።

ለፍርድ ቤቱ በሰጠነው መልስ ላይ ሽማግሌ መላክ የአገሩ ወግ እንጂ ጥፋት ማመን እንዳልሆነ ጻፍኩ። ዳኛው በዚህ ላይ ከመወሰናቸው በፊት ጊዜ ሰጡንና "ሂዱና ተነጋገሩ" አሉን። እናም ቦርዱ በሙሉ ድምፅ፣ በቃለ ጉባኤ፣ ሽማግሌ ለመላክ ወሰነ። እንዲህ ያለ ውሳኔ ጽፎ የሚያውቅ ሌላ ነገረ ፈጅ ካለ ባገኘው ደስ ይለኛል።

አቶ ላሚሶ ቤት ሰልፍ ይዘን ገባን፤ ሽማግሌዎቹ፣ ቦርዱ፣ እኔ፣ ከኋላ አማረች። ጋሽ ሸምሱ በዚህኛው ጊዜ ሽማግሌ ሳይሆኑ በዳይ ስለሆኑ የሚናገሩት ሌላ ሰው ነበሩ፤ ዝምታው በጣም ከበዳቸው። አቶ ላሚሶ እስከ መጨረሻው ሰሙ። የማይታጠፉትን ጣቶቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ነበር። ከዚያ አማረችን ጠሩና አጠገባቸው አስቀመጧት።

"ክሱን የጻፈው የልጆቼ ጠበቃ ነው፤ እኔ ከዚህች ልጅ ጋር ድሮ ታርቀናል" አሉ። "እሷ እጄ ሲታመም መጣች። እናንተ መጥሪያ ሲደርሳችሁ መጣችሁ።"

አቶ ተስፋዬ እንኳ አንቀጽ አልጠቀሱም።

ተስማማን። ሆስፒታሉ ካሳውንና የእጃቸውን ሕክምና ቻለ፤ ቦርዱ ለዚያ ክፍል ነርስ ጨመረ። ጣቶቹ ግን እንደ ድሮው አልሆኑም። ዛሬ ዓሣውን ልጃቸው ይበልታል፣ እሳቸው ዋጋ ይከራከራሉ፤ እዚያም ላይ አይቻሉም።

በተከታዩ ጠቅላላ ጉባኤ አንቀጹን አሻሻልን። ማሻሻያውን ያረቀቁት አቶ ተስፋዬ ናቸው፤ ሙሉ ገጽ ነበር፣ እኔ ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር አሳጠርኩት። የተጎዳን ሰው መጠየቅ፣ ማጽናናት፣ ሽማግሌ መላክ ወይም ሽማግሌ ሆኖ መሄድ ከለላ አያስቀርም ይላል።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ብዙ አንቀጽ ጽፌያለሁ፣ ብዙ ክስም መልሻለሁ። ከሁሉም የያዝኩት ይህን ነው። ሠራተኛው ይቅርታ ለመጠየቅ የሚፈራበት ድርጅት ሠራተኛውን አልጠበቀውም።