ሜሎን ያስመረጣት የከብት ሐኪም

ቃላምፒር ወደ መንደራችን ወደ ኮክተረክ የመጣችው በሃያ አምስት ዓመቷ፣ ከባሏ ከኖጋይቤክ፣ ከሁለት ሻንጣና ከአንድ የልብስ ስፌት መኪና ጋር ነው። ካዛክስታን ራሷን ከቻለች ገና ሦስት ዓመቷ ነበር። መንግሥት በየአገሩ የተበተኑ ካዛኮች ወደ አገራቸው ይግቡ ብሎ ሲጠራ፣ ድንበሩ ማዶ ቻይና ውስጥ የተወለዱት ባልና ሚስት ጓዛቸውን ጠቅልለው መጡ።

ካዛክኛዋ ከእኛ የጠራ ነው። እኛ ግማሹን በሩሲያኛ እየደባለቅን ስንንተባተብ እሷ የአያቶቻችንን ቋንቋ ሳትሸራርፍ ትናገራለች። ምን ያደርጋል፣ የወጣላት ስም «ቻይናዊቷ» ሆነ።

ከብት ሲታመም ግን ቻይናዊቷን የሚጠላ የለም። የተማረችው የከብት ሕክምና ነው። እኔ ጎረቤቷ ነኝና ሙያዋን ቀድሜ ያየሁት እኔ ነኝ፤ አንድ ማለዳ ላሜ ምጥ ጠንቶባት ግድግዳ ተደግፌ ስለማመን እጅጌዋን ሰብስባ ገባች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጸሎቱን በኋላ ታደርሳለህ፤ አሁን ጅራቷን ያዝልኝ!» አለችኝ።

ጥጃዋም እናቲቱም ተረፉ። እንዲህ እንዲህ እያለች የመንደሩን በረት ሁሉ ስትዞር ከመጣች ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ተቃረበ።

ባለፈው ዓመት ነሐሴ ላይ የመንደሩ ገበሬዎች ተባብረው ከድንበር ማዶ ላለ የቻይና ነጋዴ ሜሎን ሸጡ። ስምምነቱን የመራው የነዳጅ ማደያው ባለቤት ዱይሰንጋሊ ነው። አሥራ አንድ የጭነት መኪና ተሞልቶ ድንበር ደረሰ፤ ደርሶም ቆመ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሜሎኑ መሽተት ጀምሯል፣ የማዶው ተቆጣጣሪ በቻይንኛ የተጻፈውን የጭነት ወረቀት እያሳየ ራሱን ይነቀንቃል፤ ምን እንደሚል የገባው ግን አንድም ሾፌር የለም።

ዱይሰንጋሊ መንደር ተመልሶ አደባባይ ላይ ጮኸ። «ይሄ ፖለቲካ ነው! ትልልቆቹ መንግሥታት ተኳርፈው ነው! ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንደውል!»

ቃላምፒር በግ ከትባ ስትመለስ ነበር የደረሰችው። ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ አነበበችና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«ሚኒስትሩን ተዋቸው፣ ሥራ አላቸው። ይሄ ወረቀት የሚለው ሐብሐብ ነው። አንተ የጫንከው ሜሎን!»

ከተማ ያለው አስተርጓሚ ሁለቱን ቃላት አምታቷቸው ኖሯል። ቃላምፒር ወዲያው ድንበር ወረደች፤ ከእኛ በኩል ካለው የጉምሩክ ቢሮ ጋር ሆና የአሥራ አንዱንም መኪና ወረቀት በእጇ በቻይንኛ እንደገና ጻፈች፣ ማኅተም አስመታች፣ ይዛም ተሻገረች። ተቆጣጣሪው ልጇ የሚሆን ወጣት ነው። አንዱን ወረቀት አንስቶ ፈገግ አለ።

«እናት፣ እዚህች ፊደል ላይ አንዲት ጭረት ጎድላለች።»

«ሠላሳ ዓመት ሳልጽፍ ቆይቼ የጎደለችው አንዲት ጭረት ከሆነች፣ እጄ ይባረክ በለኝ እንጂ!»

ልጁ ሳቀ፤ ጭረቷን እዚያው ጨመረቻት። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻው መኪና ተሻገረ።

በመከር የመንደር አስተዳዳሪ ምርጫ መጣ። ድሮ ወረዳው ነበር የሚሾምልን፤ እኛ ራሳችን ድምፅ ስንሰጥ የመጀመሪያችን ነው። ዱይሰንጋሊ ወዲያው ተመዘገበ። ሴቶቹ ደግሞ ተሰብስበው ቃላምፒር በር ላይ ቆሙ።

«ሂዱ እባካችሁ፣ እኔ የማውቀው በግ ብቻ ነው» አለቻቸው።

የመንደራችን ሽማግሌ ሰይሰንባይ ምርኩዛቸውን እየቀሰሩ፣ «ታዲያ እኛን ከበግ በምን ለየሽን ልጄ? ተመዝገቢ!» አሉ።

ተመዘገበች። ተወዳዳሪዎቹ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሲቀርቡ ዱይሰንጋሊ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተናገረ፤ በመጨረሻም ጣቱን ወደ እሷ ቀስሮ፣ «ነገ መንደሩን በቻይንኛ ልታስተዳድረው ነው!» አለ።

ኖጋይቤክ ከኋላ ወንበር ላይ አንገቱን ሲደፋ አየሁት። እሷ ግን ቀስ ብላ ተነሣች።

«ዱይሰንጋሊ ወንድሜ፣ እስካሁን ያወራኸው በሩሲያኛ ነው። እስቲ አሁን እንኳ በካዛክኛ ስደበኝ።»

ሳቁ ጣሪያውን አነሣው። እስኪበርድ ጠብቃ ቀጠለች።

«በአንድ በኩል ሩሲያ፣ በሌላ በኩል ቻይና ጎረቤታችን ናቸው። ጎረቤት አይመረጥም። ከሁለቱም ጋር እንነግዳለን፣ ለሁለቱም ሰላምታ እንሰጣለን፤ የበራችን ቁልፍ ግን በእኛ ኪስ ይቀመጣል። ከዚያ የሚቀረን የመንደራችን የውኃ ቧንቧ ችግር ነው፤ የእሱን ዕቅድ ይዤ ነው የመጣሁት።»

በአርባ አንድ ድምፅ በለጠችው። ኖጋይቤክ ሲነግሩት ፊቱን በኮፍያው ሸፍኖ አለቀሰ። «ስንመጣ ሰው እንዳይስቅባት ብዬ ነበር የምፈራው» አለኝ።

በግብዣው ዕለት የበጉ ጭንቅላት ተቀቅሎ ሲመጣ፣ የክብሩ ድርሻ ለሰይሰንባይ ነበር። እሳቸው ሳህኑን ወደ ቃላምፒር ገፉት። ሽማግሌዎቹ ትንሽ አጉረመረሙ። እሷም ቢላዋ አንስታ ጆሮውን ቆረጠችና፣ በልማድ ለልጅ የሚሰጠውን ጆሮ ለዱይሰንጋሊ ዘረጋችለት።

«ዕድሜህ አልፏል፣ ግን ውሰደው። ምክትሌ እንድትሆን እፈልጋለሁ፤ የሚሰማ ጆሮ ያስፈልግሃል።»

ዱይሰንጋሊ እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። ከዚያ ሳቁ አመለጠውና ተቀብሎ ጎረሰ፤ እያኘከም፣ «ጨው አንሶታል፣ እትዬ» አለ፤ በጠራ ካዛክኛ።