በሁለት ቋንቋ ምስኪን

እናቴ የት እንደምሠራ ሰው ሲጠይቃት "ልጄ ጋን ውስጥ ነው የምትሠራ" ትልና ትስቅ ነበር። በዕብራይስጥ ጋን መዋዕለ ሕፃናት ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ የጠላ ማስቀመጫ እንደሆነ ማንም ያውቃል። ቀልዱን የጀመረችው ረዳት ሆኜ በተቀጠርሁበት ቀን ነው። ተምሬ ሁለተኛ መምህርት ስሆንም አልተወችውም። እዚህ እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ ውስጥ ይህን ቀልድ ያልሰማ ጎንደሬ ያለ አይመስለኝም።

የእኛ ጋን ግቢ ከሌሎቹ ይለያል ብል ጉራ እንዳይመስልብኝ። ዥዋዥዌም ሸርተቴም አለን፤ ልጆቹ ግን ዞር ብለው አያዩአቸውም። በር ሲከፈት የሚሮጡት ወደ ኋላው ግቢ ነው፤ የተጣለ ዕቃ ወደሚከመርበት። የሞተ የኮምፒውተር ኪቦርድ፣ የመኪና ጎማ፣ እጀታ የሌለው መጥበሻ፣ የወተት ሳጥን፣ ገመድ አለ። ከዚህ ሁሉ ኮተት አውቶቡስ ይሠራሉ፣ ሐኪም ቤት ይሠራሉ፤ አንድ ቀን ባቡር ጣቢያ ሠርተው እኔን ቲኬት የለሽም ብለው አስቀርተውኛል። ለመንኋቸው፣ እምቢ አሉ።

ረጅሙን ሳንቃ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከባድ የመረጥሁት ሆን ብዬ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ ብቻውን አያነሣውም፤ የግድ ሌላውን ጫፍ የሚይዝለት ሰው መፈለግ አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት ለቅሶ ነበር፤ በሁለተኛው ስድብ መጣ። ከዚያ በኋላ ከማንም ጋር የማታወራ አንዲት ልጅ የግቢውን ኃይለኛ "ያዝልኝ" ስትለው ሰማሁ። ያዘላት። ማንም ደግ ሁኑ አላላቸውም፤ እኔም አፌን ይዤ ቆሜ ነበር። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት እያንጎራጎርሁ ነው። ደግነት ለእኔ ይኸው ነው፤ የሚይዘውም የሚያስይዘውም ያው እኩል ናቸው። ከላይ ወደ ታች የሚወረወር ደግነት ሁልጊዜ ያስጠላኛል፤ ምናልባት ልጅ ሆኜ ብዙ ስለተወረወረብኝ ይሆናል።

የሳንቃውን ነገር መጀመሪያ የነገርሁት ለዋናዋ መምህርት ነው። ዐሥር ዓመት አብረን ሠርተናል። ሮኬት ሲተኮስ ሲሬን ሲጮህ እሷ ከፊት እኔ ከኋላ ሆነን ልጆቹን ወደ መጠለያው እናስገባለን፤ በሩን ዘግተን፣ ልጆቹን ቆጥረን፣ ድምፃችን እንዳይንቀጠቀጥ እጅ ለእጅ ተያይዘን እንዘምራለን። ልጄን ስወልድ ከባሌ ቀድማ ሆስፒታል የደረሰችው እሷ ናት። ለእኅቶቼ ያልነገርሁትን ለእሷ ነግሬአለሁ። ይህች ሰው ናት በእናቴ ክብር የተጫወተችብኝ።

ዘንድሮ ከላይ የደግነት ፕሮጀክት ሥሩ የሚል መመሪያ መጣ። እኔ ሳንቃውን አሳየኋት። "ሳንቃ በፎቶ ላይ ሲታይ ያው ሳንቃ ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው፣ ሳቅሁ። ከትምህርት ሚኒስቴር የምትላከው ተቆጣጣሪ መጥታ የምታየው ነገር ይፈለጋል፤ ስለዚህ ልጆቹ ቅርጫት ሞልተው ለአንድ ችግረኛ ሰው ቤቱ ድረስ እንዲወስዱ ተወሰነ። በሚቀጥለው ዓመት የራሴ ጋን ይሰጠኝ አይሰጠኝ እንደሆነ የምትወስነውም ያችው ተቆጣጣሪ ነበረች። ስለዚህ አልተከራከርሁም።

ነገሩ የተበላሸው ግን ከእኔ አፍ በወጣ ቃል ነው። እናቴ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ተደርጋ ቤት የዋለችበት ሰሞን ነበር። ግቢ ውስጥ ቆመን ልጆቹን እየጠበቅን፣ ጓደኛዬ፣ ዋናዋ መምህርት፣ እናትሽ እንዴት ናት ብላ ጠየቀችኝ። "እናቴ እኮ ሚስኬና ናት፤ እግሯ ቢቆረጥ እንኳ አመመኝ አትልም" አልኋት በዕብራይስጥ።

በእኛ ቋንቋ ምስኪን ሲባል ሰው የማይነካ፣ ክፉ ቃል የማይወጣው፣ ልበ ገር ማለት ነው። ድኻም ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ሲጠሩት ውስጡ ፍቅር አለበት። የዕብራይስጡ ሚስኬን ግን ከንፈር የሚመጠጥለት፣ ራሱን ያልቻለ ሰው ነው። ሁለቱንም አሳምሬ አውቃለሁ። ያን ቀን ሐሳቤ በአማርኛ ነበርና ምላሴ ቃሉን አንሥቶ ዕብራይስጡ መካከል ወረወረው። ምስጋና የተናገርሁ መስሎኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ጠረጴዛዋ ላይ ቅርጫቱ የሚሄድበትን ሰው ስም የያዘ ወረቀት አየሁ። የእናቴ ስም ነው፤ አድራሻዋም በጓደኛዬ ክብ ክብ ጽሕፈት ከነፎቁ ተጽፏል።

"ምንድን ነው ይኼ?" አልኋት።

"ራስሽ አይደለሽም ሚስኬና ናት ያልሽኝ?"

ቁጭ ብዬ አስረዳኋት። ስለ ቃሉ ነገርኋት። እናቴ ስድስት ልጆች ያሳደገችው የሰው ወለል እየወለወለች እንደሆነ፣ ከማንም እጅ እንዳልጠበቀች፣ ጎረቤት ሲታመም ሳህን ተሸክማ ደረጃ የምትወጣው እሷ እንደሆነች ነገርኋት። "እናቴ ይህን ብትሰማ ከቤት አትወጣም" አልኋት። ዓይኗ እንባ ሞላ። "ስሊኻ፣ ኔሻማ"፣ ይቅርታ ነፍሴ፣ አለችና እስክሪብቶዋን አንሥታ ስሙን እያየሁ ሰረዘችው። ሌላ ሰው አለኝ፣ ብቻውን የሚኖር አንድ ሽማግሌ አለ፣ ቤቱ ከማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያው በስተቀኝ ነው አለችኝ። አቅፌአት ወደ ሥራዬ ተመለስሁ።

ቀኑ ደረሰ። ተቆጣጣሪዋ በጠዋቱ ባቡር መጣች፤ ጓደኛዬ በመኪናዋ ከጣቢያ ተቀበለቻት። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርገን፣ ረጅሙን ገመድ አስይዘን ወጣን። ጓደኛዬ ከተቆጣጣሪዋ ጋር ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነኝ። አውቶቡስ ጣቢያው ጋ ስንደርስ ጓደኛዬ ወደ ግራ ታጠፈች። ተሳስታ መስሎኝ "ወደ ቀኝ ነው!" ብዬ ተጣራሁ። አልዞረችም። ሁለት ሕንፃ እንዳለፍን ያደግሁበት መንገድ ላይ መሆናችን ገባኝ።

ሮጬ ደረስሁባትና ጆሮዋ ሥር ምን እያደረግሽ ነው አልኋት።

"ሽማግሌው ትናንት እምቢ አለኝ" አለች፣ ፊቷ ለተቆጣጣሪዋ እንደሳቀ። "ለእናትሽ ደወልሁላት፣ ልጆቹ ይመጣሉ አልኋት፤ ደስ አላት። ለአንቺም ብዬ ነው እኮ። ተቆጣጣሪዋ እንዲህ ያለ ነገር ትወዳለች፤ የራስሽን ጋን ትፈልጊ የለም?"

"ስሟን እያየሁ አልሰረዝሽውም?"

"ሰርዤው ነበር። መልሼ ጻፍሁት።"

እንዲህ ነው ያለችኝ፤ የገበያ ዝርዝር ያስተካከለች ያህል። ዐሥር ዓመት እጇን ይዤ የዘመርሁላት ሰው ናት። በአንድ እስክሪብቶ ሰርዛ፣ እኔ ዞር ስል በዚያው እስክሪብቶ መልሳ ጻፈችው።

ማቆም እችል ነበር። ገመዱን ጠበቅ አድርጌ ብይዘው ልጆቹ ሁሉ ይቆሙ ነበር፤ እንደዚያ ነው ያስተማርናቸው። ተቆጣጣሪዋ ግን ዞር ብላ በስልኳ ፎቶ አነሣችንና ፈገግ አለችልኝ። እኔም ፈገግ አልሁ። ይህን ፈገግታ ማንም ጥርሴን ይዞ አላወጣውም፤ የራሴ ነው።

ደረጃውን ወጣን። በሩን አንኳኳሁ።

እናቴ የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ ከፈተችልን። ከጎረቤት ወንበር ተውሳ ሳሎኑን ሞልታዋለች። ጠረጴዛው ላይ ጭማቂ የተቀዳባቸው ትንንሽ ኩባያዎች ተደርድረዋል፤ በወረቀት የተጠቀለለ ቆሎ ለእያንዳንዱ ልጅ አዘጋጅታለች። በዚያ ጉልበቷ ስንት ሰዓት እንደቆመች እግዜር ይወቅ። የልጇ ተማሪዎች ለእንግድነት የሚመጡላት መስሏት ነው። "ቦኡ፣ ቦኡ! ግቡ፣ ልጆቼ!" አለች።

ጓደኛዬ ሁለት ልጆች ቅርጫቱን አሸክማ ወደ ፊት ገፋቻቸው። የዘይቱ ጠርሙስ አንገት ከላዩ ብቅ ብሏል፤ ሩዝ፣ ማካሮኒ፣ የቱና ቆርቆሮ ከሥር ይታያል። ልጆቹ ዘመሩ። እናቴ ቅርጫቱን አየች፤ ጓደኛዬን አየች፤ ከዚያ ልጆቹን አስገብቼ በሩ ላይ ከኋላቸው የቀረሁትን እኔን አየችኝ። ዓይኔን ወደ አንዲት ልጅ የጫማ ማሰሪያ አወረድሁ፤ ማሰሪያው እንኳ አልተፈታም ነበር።

የፊት ጥርሶቿ የወለቁ አንዲት ልጅ የእናቴን ነጠላ ሳብ አደረገች። "አት ሃሳብታ ሃሚስኬና?" አለቻት፤ ሚስኬናዋ አያት አንቺ ነሽ ወይ ማለቷ ነው። ከትልልቆቹ አፍ የሰማችው ነው መቼም፤ ከየት ታመጣዋለች?

እናቴ ሳቀች። "ኬን፣ ኬን፣ አኒ"፣ አዎ፣ አዎ፣ እኔ ነኝ፣ ብላ የልጅቷን ራስ ዳበሰች።

እንዴት እንደተነፈስሁ! በአማርኛ ሰማችው፣ ልበ ገር ነሽ ያሉዋት መሰላት፣ ተመስገን አልሁ በልቤ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ ቆሎውን ቆረጠሙት። አንዱ ይኼ የወፍ ምግብ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ሁሉም ሳቀ፤ ተቆጣጣሪዋም ዘግና ቃመች። ስንወጣ ጓደኛዬ ክንዴን ይዛ "አየሽ? ማንም አልተጎዳም" አለችኝ። እጇን ከላዬ አወረድሁት። እስከ ዛሬ ከሥራ ጉዳይ በቀር አላናግራትም፤ ልጆቹ ይህን ያውቃሉ፤ ልጅ አይታለልም።

ሥራ እንዳበቃ ወደ እናቴ ተመለስሁ። ወንበሮቹ ወደየባለቤቶቻቸው ሄደዋል። ቅርጫቱ ፕላስቲኩ ሳይከፈት በሩ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል። እናቴ ኩባያ እያጠበች ነበር። አጠገቧ ቆሜ የሆዴን ዘረገፍሁት፤ ጓደኛዬ እንዴት እንደዋሸችኝ፣ እንዴት ስሙን ሰርዛ መልሳ እንደጻፈችው፣ ከዛሬ ጀምሮ ዓይኗን ማየት እንደማልፈልግ። እናቴ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ቅርጫቱን ስትወጪ ይዘሽው ውጪ" አለችኝ። "ለሚያስፈልገው ይስጡት።"

"ልጅቷ የተናገረችው እኮ..." ብዬ ጀመርሁ።

"ሃያ ዓመት ሐኪም ቤት ስወለውል በጎኔ እያለፉ ሚስኬና ሲሉኝ ኖረዋል። የማላውቀው ቃል መሰለሽ?"

"ታዲያ ለምን ሳቅሽ፣ እማዬ?"

"ልጅ ምን አጠፋች? የሰማችውን ነው ያለች። ላሳፍራት?" የመጨረሻውን ኩባያ ደፋችው። "ያቺ ጓደኛሽም ባዕድ ናት። ዛሬ ብታስቀይመኝ ነገ እረሳታለሁ።"

"እኔ እኮ አላወቅሁም ነበር፤ መንገድ ላይ ነው ያወቅሁት።"

"መንገድ ላይ ካወቅሽማ በሩ ጋ ስትደርሺ ታውቂ ነበር።"

እጇን በፎጣ አደረቀች፤ ጣት በጣት፣ ቀስ ብላ። ተቆጥታ ብትጮኽብኝ እንዴት በወደድሁ። እሷ ግን ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

"ልጄ፣ የዚህ ቤት ቁልፍ አለሽ እኮ" አለችኝ። "ለምን አንኳኳሽ?"