የጓደኛዬን ዜማ ለማስመለስ ድሬ ወረድኩ

ጎህ ሲቀድ፣ ጭሮ

ሚኒባሱ ውስጥ ቀድሜ ገብቼ ከሹፌሩ ጎን ተቀመጥኩ። አንድ ጎልማሳ መጣና «እማማ፣ ኋላ ይሻልዎታል፤ ይመቻል» አለኝ።

«ከተመቸ አንተ ሂድና ተቀመጥ» አልኩት። ቀድሞ የመጣ ይቀመጣል፤ ሌላ ሕግ አላውቅም።

የምሄደው ዛሬ ማታ ድሬዳዋ ላይ ሥራውን የሚያቀርበውን ዮናስን ለመስማት ነው። ለመውቀስም። ድሬዳዋ ስኖር የጎረቤቴ ልጅ ነበር። ዛሬ የታወቀ የጃዝ ሙዚቃ ደራሲ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥም በዩኒቨርሲቲ ያስተምራል። ሰሞኑን «ደቻቱ» የሚለውን አዲስ ድርሰቱን ከመሀል ቆርጠው በሬዲዮ አሰሙን። ወዲያው አወቅሁት። ጓደኛዬ በየሰርጉ ስታወርደው የኖረችው ዜማ ነው። እሷ አውራጅ፣ እኛ ተቀባይ ሆነን ስንቱን ሙሽራ ሸኝተናል! ጋዜጠኛው ግን «ድርሰት፣ ዮናስ» ብሎ አለፈ። የእሷ ስም የት ገባ?

ረፋድ፣ ቁሉቢ

ጫት የጫኑ አይሱዙዎች እየከነፉ ያልፉናል። ትኩስ ሳምቡሳ በሻይ በላንና ጉዞ ቀጠልን።

«ጃዝ ዘፋኝ የሌለው ዘፈን አይደል እንዴ?» አለኝ ሹፌሩ፣ የምሄደው ጃዝ ልሰማ መሆኑን ስነግረው።

«የአንተ ክላክስ ግጥም አለው? እግረኛው ግን ይገባዋል።»

እየሳቀ «ልክ ነዎት» አለና ስለ ዮናስ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ክላርኔት የጀመረው በቀበሌ ኪነት ነው። መሣሪያው ለሌላ ልጅ ሲደርስ፣ እሱ በመጥረጊያ እንጨት ላይ ጣቶቹን ያለማምድ ነበር። ውጭ አገር ተምሮ ሲመለስ እዚያው የቀሩት ጓደኞቹ ሞኝ አሉት። መሣሪያ ለሌለው ተማሪ የራሱን ያውሳል። የባለሥልጣን ልጅም እሱ ዘንድ ተራውን ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ሰው የሰው ሥራ ሲወስድ ነው የሚያንገበግበኝ!

ቀትር፣ ደንገጎ

ቁልቁለቱ ተጀመረ። በየመታጠፊያው ሙቀቱ ይጨምራል። ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሻሼንም አላላሁ። ታች ድሬ ቆርቆሮዋን እያብለጨለጨች ተዘርግታለች። የምናገረውን በልቤ ደጋገምኩ።

ከሰዓት፣ ከዚራ

ባጃጁ ዮናስ ማታ የሚጫወትበት አዳራሽ በር ላይ አወረደኝ። ዮናስ ተማሪዎቹን ያለማምዳል። ሲያየኝ ሥራውን አቁሞ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ።

«ተው! መጀመሪያ መልስልኝ። ይህ ዜማ የማን ነው?»

«የማን እንደሆነማ እርስዎም እኔም እናውቃለን፣ እትዬ። አስፈቅጃታለሁ። ሐጅ ሄዳ ከመጣች ወዲህ ሰርግ ላይ አታወርድም። ‹ዜማውን ውሰድ፣ ስሜን ግን እንዳትጠራ› አለችኝ።»

«እና እንደሌለች ትቆጥራታለህ?»

«ማታ ይስሙና ይፍረዱ።»

አላመንኩትም። ደቻቱን ተሻግሬ ጓደኛዬ ቤት ሄድኩ። ወንዙ ደርቆ አሸዋው ላይ ፍየሎች ተኝተዋል። ጓደኛዬ ነገሬን ሰምታ ከት ብላ ሳቀች።

«ስሜ መካ ደርሶ መጥቷል። ፖስተር ላይ ሆኖ ቢራ ቤት ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፣ አቦ!»

«ፍትሕስ?»

«ፍትሑ ለኔ ነው ለአንቺ? በይ ተነሺ፤ መስማት ማንም አልከለከለኝም።»

አመሻሽ፣ አዳራሹ ውስጥ

ከጓደኛዬ ጋር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ዮናስ መድረክ ላይ ወጣ። «ዜማው የእኔ አይደለም» አለ። «ባለቤቷ እዚህ ከተማ አለች። ስሟን እንዳልጠራ አዝዛኛለች። ስለዚህ ቦታዋን ጠብቄላታለሁ።»

ከበሮው ጀመረ። ለተማሪዎቹ የጻፈላቸው የተቀባዮቹን ድርሻ ብቻ ነው። አውራጅዋ በምትገባበት ቦታ ላይ ሁሉም ዝም ይላሉ፤ ከበሮው ብቻውን ይመታል። ከዚያ ትራምፔቱና ሳክስፎኑ ይቀበላሉ። ደግሞ ዝም። እኔ እንደሱ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም፤ ሰው የቆመበት ይመስላል።

ድሬ ደግሞ አውራጅ ሲጠፋ ዝም ብላ አትቀመጥም። በሦስተኛው ዝምታ ላይ ከኋላ አንዲት ሴት በኦሮምኛ አወረደችው። ሌላዋ በሶማልኛ ቀጠለች። አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። ዮናስ ወደ ሕዝቡ ዞሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥ ነበር። ጓደኛዬ ከንፈሯን አላነቃነቀችም። በመዳፏ ብቻ ጉልበቷን ትመታለች።

በሌላው ጎኔ የተቀመጠች ወጣት ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። «እማማ፣ ባለቤቷን ያውቋታል?»

አፌን ከፈትኩ። ከጭሮ ጀምሮ የተሸከምኩት ስም ምላሴ ላይ ደረሰ። ጓደኛዬ ጉልበቷን መምታቷን ትታ እጄን ጨበጠችኝ።

«አውቃታለሁ» አልኩ።

«ስሟ ማን ነው?»

«ስሟ የራሷ ነው።»